ነፃ ምሳና የልጄ ጉርሻ

በባሌ መቅናት የጀመርኩት ሴት ይዞብኝ አይደለም። ሴት ቢይዝብኝማ ነገሩ ቀላል ነበር፤ የሰፈሬ ሴቶች ለዚህ ለዚህ መላ አያጡም። እኔ የቀናሁበት ቤት ስለሚውል ነው። በጠዋት ተነስቼ፣ ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርጌ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ልወርድ ስወጣ፣ እሱ በፒጃማው ልጃችንን ታቅፎ በር ላይ ይቆምና «ቻው በያት» ይላታል። ቻው ትለኛለች። እሱ ደግሞ ይስቃል። ወላሂ፣ ያቺ ሳቁ ናት ያሳበደችኝ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የምሠራው የነጋዴ ዕቃ ጉምሩክ የሚያስጨርስ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ነው። ዕቃው ከጅቡቲ ተጭኖ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ይደርሳል፤ እኔ ወረቀቱን አዘጋጃለሁ። ዕቃውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። የስንቱን ብረት፣ የስንቱን ጎማ፣ የስንቱን የሕፃን ወተት አስወጥቻለሁ፣ ለእኔ ግን ሁሉም ወረቀት ነው። በዚያ በክፉው የጦርነት ጊዜ ቢሮአችን በርና መስኮት እንኳ አልተረፈለትም ነበርና «እስኪጠገን ድረስ ከቤት ሥሩ» ተባልን። አገር ሲረጋጋም ቶሎ አልተጠገነም። ላፕቶፔን ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር አስቀምጬ፣ ኢንተርኔት ሲሄድ እየተራገምኩ፣ ሲመጣ አልሃምዱሊላህ እያልኩ ዓመታት ሠራሁ። እርግዝናዬን እዚያው ወንበር ላይ ጨረስኩ። ከወለድኩ በኋላም አንድ እጄ ኪቦርዱ ላይ፣ አንድ እጄ ልጄ ላይ ሆኖ አሳደግኳት።

ባሌም ቤት ነው የሚሠራው። አዲስ አበባ ላሉ ሰዎች የሕንፃ ንድፍ በኮምፒውተር ይሠራላቸዋል። እሱ ሳሎን፣ እኔ መኝታ ቤት፣ ልጃችን በሁለታችን መሀል በሩን እየከፈተች እየዘጋች ትውላለች። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሦስታችንም አንድ ትሪ ላይ እንሰበሰባለን። እጇ እንጀራ መጠቅለል ከቻለ ጀምሮ የመጀመሪያዋ ጉርሻ የኔ ነበረች። ያው የሕፃን ጉርሻ ነው፤ ሽሮው አገጬ ላይ፣ ሻርፔ ላይ፣ ጭኔ ላይ ይቀርና አፌ የሚደርሰው ትንሽ ነው። ግን የኔ ናት። ባሌ አፉን ከፍቶ ሲጠብቃት «አንተ ቆይ፣ እማ ትቅደም» ትለዋለች። እሱም እየሳቀ አፉን ይዘጋል። ያኔ ቅር ብሎት ይሆን? ጠይቄው አላውቅም። ምን አስጠየቀኝ!

ታዲያ አንድ ቀን በቴሌግራም ግሩፓችን መልእክት ወጣ። ከአዲስ አበባ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ተመድቧል፣ ቢሮው ታድሷል፣ ከመጪው ወር ጀምሮ ሁሉም ሠራተኛ በአካል ይገኛል። ይኼን አንብበን ሳንጨርስ ፎቶ ተከተለ፤ የሚሽከረከር ወንበር። ከዚያ የቡና ማሽን። ከዚያ አንድ ትልቅ ነጭ ሰርቪስ፣ መስኮቱ ሁሉ መጋረጃ ያለው። ከዚያ በትልቁ የተጻፈ «ምሳ በነፃ»። የመስገጃ ክፍል አለ። የሕፃናት ማቆያ በቅርቡ ይከፈታል። ከግሩፑ ግማሹ ጭብጨባ ላከ። እኔ ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩት።

«ምን ሆንሽ?» አለኝ ባሌ ከሳሎን።

«ሊገዙን ነው!» አልኩት። «በወንበር ሊገዙን ነው!»

መጣና ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየ። «ወንበሩስ ጥሩ ነው፤ ጀርባሽን እያመመሽ አይደል?» አለኝ። ይህ ሰው ክፋት የሚባል ነገር የለበትም። ከሱ ጋር ለመጣላት እንኳ ብቻዬን ነው የምደክመው።

ዋሽቼ ምን አገኛለሁ፣ ደስ ያለኝም ነገር ነበር። ሰርቪሱ ሰፈራችን ቧንቧ ውሃ ላይ ቆሞ ጥሩንባውን ሲነፋልኝ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያየኛል። ጎረቤቴ «አንቺማ ተሻሻልሽ! በመኪና ተወስደሽ፣ ምሳሽን በልተሽ፣ በመኪና ትመለሻለሽ» ስትለኝ «ኧረ ተይኝ፣ ምን አለው» እላታለሁ፤ አፌ ነው እንዲያ የሚለው፣ ደረቴስ ተነፍቶ ነበር። እሷ ጭቃውን እየረገጠች ፒያሳ ድረስ ታክሲ ፍለጋ ስትሄድ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አያታለሁ። እንዲህም አለ በሰው ላይ።

ሰርቪሱ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጡት የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ ናቸው። በዕድሜ በጣም ይበልጡኛል፣ እትዬ ነው የምላቸው። ደሴ ላይ በጉም ውስጥ፣ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበን እንሳፈራለን። የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ስንጀምር አንዱ ጃኬቱን፣ ሌላው ሻርፑን ማውለቅ ይጀምራል፣ ኮምቦልቻ ስንገባ መኪናው ውስጥ የተከመረው ልብስ ቅዳሜ ገበያ ይመስላል። እትዬ ሹራባቸውን እያጠፉ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላሉ። «እግዜር ይስጠው ይኼን ሥራ አስኪያጅ!»

«ምን አደረገልዎት?» አልኳቸው አንድ ቀን፣ ከእንቅልፌ በግድ ተነስቼ ስለነበር ተናድጄ።

«ከሰውዬው ለየኛ!» አሉኝ። ጡረታ የወጣ ባላቸውን ማለታቸው ነው። «ቤት ስውል እኮ ልጄ፣ ሽንኩርት እንዴት እንደሚከተፍ ያስተምረኝ ነበር። እኔን! ልጆቹ ወጡ፣ ቤቱ ባዶ ነው፣ እሱ ከኋላ ከኋላዬ ይዞራል። ቢሮ ስመጣ ቡናውን ማሽን ያፈላዋል፣ ምሳውን ሰው ያቀርበዋል፣ የሚናገረኝ የለም። ለኔ እዚህ ነው ዕረፍቱ።»

ሳቅኩ። ግን ቀናሁባቸው። በሳቸውም ቀናሁ! አንድ መኪና ተሳፍረን፣ አንድ መንገድ ወርደን፣ እሳቸው ወደ ዕረፍታቸው ይሄዳሉ፣ እኔ ልቤን ደሴ ጥዬ እመጣለሁ።

የነፃው ምሳ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሊያስደስተን ፈልጎ በመጀመሪያው ሳምንት «ሥጋ ይሠራ» አለ። የወጥ ቤት ኃላፊዋ አየችውና «የማን ይታረድ?» አለችው። አልገባውም። እኛ አገር ለሰርግም ለሐዘንም የእስላሙና የክርስቲያኑ ለየብቻ ይታረዳል፤ ሲበላ ጎን ለጎን ነው፣ ማንም ማንንም ቅር አያሰኝም። ለቢሮ ምሳ ሁለት በሬ ማን ይጥላል? ሲነገረው ፊቱ ቀላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ ጾም ሆነ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፤ ጎመን፣ ምስር፣ ሽሮ። ማንም አላጉረመረመም።

ያጉረመረምነው በሳህኑ ነው። ለያንዳንዳችን ክፍል ክፍል ያለው የየራሳችን ሳህን ተሰጠን። እዚህ ጋ ሽሮ፣ እዚህ ጋ ምስር፣ እዚህ ጥግ የተጠቀለለች እንጀራ። ተሰልፈን ተቀበልንና ተቀምጠን፣ ማንም ማንን ሳያይ በላን። ድምፅ የለም። ሆስፒታል የተኛን በሽተኞች መሰልን። ሁለተኛው ሳምንት ላይ እትዬ ተነሱና ከወጥ ቤት ትልቁን ትሪ ይዘው መጡ። የራሳቸውን ሳህን ገለበጡበት። «በሉ እንጂ! ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ። ሁላችንም ገለበጥን። ሥራ አስኪያጁ በመስታወቱ አየን፣ ራሱን ነቀነቀና ወደ ቢሮው ገባ። ከዚያ በኋላ ሰው ወሬ ጀመረ፣ መቀላለድ ጀመረ፣ ምሳው ምሳ ሆነ።

እትዬ እዚያ ትሪ ላይ አንድ ቀን አጎረሱኝ። ጉርሻው አፌ ውስጥ ሳለ ሰዓቱን አሰብኩ። ደሴም ምሳ ሰዓት ነው። እነሱም ትሪው ላይ ናቸው። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ማን እየበላት ነው? ወጣሁና በቪዲዮ ደወልኩ። ስልኩ ተከፈተ፣ የባሌ ፊት ታየኝ፣ ጉንጩ አብጧል። ከታች ትንሿ እጅ በሽሮ ተለውሳ ገና ካፉ እየተመለሰች ነው።

«ምሳ እየበላን ነው» አለኝ አፉ እንደሞላ።

«እያየሁ እኮ ነው!» አልኩና ዘጋሁት። የቀረውን ምሳዬን ትቼ ወደሚሽከረከረው ወንበሬ ተመለስኩ።

ማታ ስመለስ ደግሞ ጸጉሯ ተሠርቶ ጠበቀኝ። ሹሩባ! አንዱ መስመር ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ የሄደ፣ ግን ሹሩባ። «ማን ሠራሽ?» ስላት «አባ» አለችኝ እየተኩራራች። ለካ እኔ በሌለሁበት የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው አስተምረውታል። ወንድ ልጅ ደሴ ላይ ሹሩባ ሲሠራ! ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆማ «አላህ የሰጠሽ ባል! የኛዎቹ የራሳቸውን ጸጉር እንኳ አያበጥሩም» አለችኝ። ሰፈሩ በሙሉ በሱ ፍቅር ወድቋል። እኔ ልጄን ይዤ ገባሁ፣ ጭኔ መሀል አስቀመጥኳት፣ ፈታሁትና እንደገና ሠራሁት። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ዕፁብ ድንቅ አደረግኩት። እስክጨርስ አለቀሰች። «እንደ አባ ሥሪኝ! እንደ አባ ሥሪኝ!» አለች። እሱ ኮምፒውተሩ ላይ አቀረቀረ፤ ሳቁን እንደዋጠ አውቄበታለሁ።

በዚያው ማታ እራት ቀረበ። ልጄ ጠቀለለች፣ እጇን ዘረጋች፣ አልፋኝ ሄደችና አባቷን አጎረሰች። ቀጥሎ ራሷ በላች። ቀጥሎ እሱን። ፈገግ ብዬ፣ ቀልድ አስመስዬ «የኔስ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ቢሮ በልተሻል» አለችኝ።

ይኼው ነው። ክፋት የላትም፣ ሕፃን ናት፣ ያወቀችውን ነው የተናገረችው። እኔ ግን ከትሪው ተነስቼ እጄን ታጠብኩ። ባሌ ተከትሎኝ ጓዳ ገባ።

«ወላሂ እኔ አላልኳትም» አለኝ። «እማ ምሳ የት ትበላለች አለችኝ፣ ቢሮ ይሰጧታል አልኳት። ይኼው ነው።»

«ምን ቸገረህ!» አልኩት። «ቤት ትውላለህ፣ ልጄን ይዘህ ትውላለህ፣ ጉርሻዬን ትበላለህ፣ ጸጉሯን ትሠራለህ፣ ሰፈሩ ያጨበጭብልሃል። እኔ ሽሮ በሳህን ልብላና ልምጣ!»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ሳታጎርሰኝ ልዋል?»

«አዎ!»

ሰው እንዲህ ይላል? ብያለሁ። እሱም አየኝና «እሺ» አለኝ። እሺ ሲለኝ ይበልጥ ተናደድኩ። ቀን ከልጅ ጋር ሲሯሯጥ ውሎ ንድፉን እኛ ስንተኛ እንደሚሠራው፣ ዓይኑ ቀልቶ እንደሚያነጋ አየዋለሁ፤ ግን ቅናት የያዘው ሰው የሌላውን ድካም ከምን ይቆጥረዋል። ለኔ የታየኝ ያበጠው ጉንጩ ብቻ ነበር።

እንግዲህ የሕፃናት ማቆያው መከፈቱ የተሰማው በዚህ መሀል ነው። ሥራ አስኪያጁ ቡና ማሽኑ ጋ አግኝቶኝ «ተከፈተ እኮ! አሁንስ ቤት ይሻላል ወይስ ቢሮ?» አለኝ እየተፍነከነከ። «ወንበሩ ጥሩ ነው» አልኩት። ወደ ቦታዬ ስመለስ ግን ክንፍ አውጥቼ ነበር። ልጄን ይዣት እመጣለሁ! ከኔ ጋር በአንድ መኪና፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ ሙሉ ቀን። ባሌ ብቻውን ይዋላ፣ ሕንፃውን ያጉርስ!

በነጋታው ጠዋት ቦርሳዋን ያዘጋጀው እሱ ነው። ቅያሪ ልብስ፣ የውሃ ጠርሙስ፣ ብስኩት። በር ላይ ቆመ። ያን ቀን ቻው የተባለው እሱ ነው፣ ቻው ያልነው እኛ። አልሳቀም። ፊቱ ጠቆር ሲል አየሁትና፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ደረጃውን ስወርድ እንደ ድሮዬ ቀለል አለኝ።

ሐረጎ ላይ ልጄ ጉልበቴ ላይ አስመለሰች። እትዬ ከቦርሳቸው ሎሚ አውጥተው አስሸተቷት፣ ቀሚሴን በውሃ ጠረጉልኝ፣ «አብሽሪ፣ ትለምደዋለች» አሉኝ፤ ክርስቲያን ናቸው፣ ግን ወሎ ተወልዶ አብሽሪ የማይል ማን አለ። ኮምቦልቻ ደረስን። ክፍሉ ውብ ነው፣ ምን ይባላል፣ ግድግዳው ተቀብቷል፣ ምንጣፉ ይለሰልሳል፣ መጫወቻው ሞልቷል። ተንከባካቢዋ ልጅ እግር ናት፤ ድምጿ ቀስ ያለ፣ የማትቆጣ። ልጆቹ «አክስቴ» ነው የሚሏት። ልጄን እጇን ይዛ ወሰደቻትና ወደኔ ዞረች።

«እርስዎ ሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ይምጡ» አለችኝ። «በመሀል እናታቸውን ካዩ ሁሉም ማልቀስ ይጀምራሉ።»

«በምሳ ሰዓትስ?»

«በምሳ ሰዓትም። ምሳቸውን እዚህ ነው የሚበሉት፣ በየሳህናቸው። ማጉረስ የለም። ራሳቸውን እንዲችሉ ነው፣ ለንጽሕናውም።»

ምን እላታለሁ? የተናገረችው ሁሉ ትክክል ነው። ወደ ወንበሬ ሄድኩ። የኔ ክፍልና የማቆያው ክፍል በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያዩት። ቀኑን ሙሉ የልጄን ሳቅ ሰማሁ። ከሌላው ልጅ ሳቅ ለይቼ አውቀዋለሁ። ስትስቅ ማን አሳቃት እላለሁ፣ ዝም ስትል ምን ሆነች እላለሁ። የአንዱን ነጋዴ ጎማ በሌላው ነጋዴ ስም ላኩት፣ ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ፣ አስተካከልኩ። ደሴ እያለች ቢያንስ አልሰማትም ነበር። አሁን አጠገቤ ናት፣ ሳቋ ይሰማኛል፣ የሌላ ሰው ናት። ግድግዳውን በጡጫ ልለው ምንም አልቀረኝም።

ሳምንታት እንዲህ አለፉ። ልጄ ሐረጎን ለመደችው። ማታ ማታ በሰርቪሱ ስንመለስ ጉልበቴ ላይ ተቀምጣ አክስቴ እንዲህ አለች፣ አክስቴ እንዲህ ዘፈነች፣ የአክስቴ ጫማ አበባ አለው ትለኛለች። «እኔስ ዛሬ ምን እንደሠራሁ ታውቂያለሽ?» ስላት መስኮቱን እያየች «እሺ» ትለኛለች። የቤት ጸጉር ሥራም ተረሳ። «አክስቴ ትሥራኝ» ሆነ። ባሌ ማበጠሪያውን ይዞ ቆሞ ሲመለስ አይቻለሁ።

አንድ ዓርብ ማታ ትሪው ቀረበ። ባሌ ዶሮ ወጥ ሠርቶ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ሽሮ ስንበላ ለከረምነው ብሎ። ልጄ መጣች፣ ትሪውን አየች፣ አልተቀመጠችም።

«የኔ ሳህን የታለ?»

«ይኼው ነው ሳህናችን፣ ነይ» አልኳት።

«አይደለም። የራሴን ሳህን።»

ባሌ ተነስቶ የሻይ ማስቀመጫ ትንሽ ሳህን አመጣላት። ወጥ አወጣላት፣ እንጀራ ቆርሶ አስቀመጠላት። ይዛው ሄዳ ከኛ ራቅ ብላ፣ ሶፋው ጥግ ተቀመጠች። ባሌ ደግሞ፣ ልማድ አይደል፣ ወደሷ ጎንበስ ብሎ አፉን ከፈተ።

«ራስህ ብላ» አለችው። «ትልቅ ሰው ራሱ ነው የሚበላው። አክስቴ ናት ያለችው።»

አፉን ዘጋ። እንደ ድሮው እየሳቀ አይደለም የዘጋው። እኔ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ እሰይ፣ ቅመሳት ልለው ነበር። አልወጣልኝም። ሁለታችን ትልቁ ትሪ ላይ ተፋጠጥን፣ እሷ ጥጓ ላይ ሆና ራሷን ችላ፣ ጎበዝ ሆና ትበላለች። ዕንባዬ መጣብኝ። ከዚያ ያቺን ምንም ያላደረገችኝን፣ ልጄን በፍቅር የምትይዝልኝን ተንከባካቢ ጠላኋት። በባሌ ቀንቼ አውቃለሁ፣ እንዲህ ያለ ጥላቻ ግን አልነበረበትም።

ዕቃ እያጠብኩ፣ እሱ እያደረቀ፣ «ሰኞ አትሄድም» አልኩት።

«ማን?»

«ልጅህ። ካንተ ጋር ትዋል።»

እጁ ቆመ። «ቀንተሽብኝ አልነበር?» አለኝ።

«አሁንም ቀንቻለሁ» አልኩት። «ግን በማላውቃት ሴት ከምቀና፣ ባንተ ልቅና። አንተን ቢያንስ ማታ አገኝሃለሁ፣ እሰድብሃለሁ።»

ሳህኑን አስቀመጠና ትከሻዬን በእርጥብ እጁ ያዘኝ። እኔም ማጠቡን ቀጠልኩ።

ሰኞ ጠዋት ሰርቪሱ ጥሩንባውን ሲነፋ ልጄ ቦርሳዋን ራሷ አዝላ በር ላይ ቆማ ነበር። «ዛሬ ከአባ ጋር ነሽ» አልኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ደረጃውን ስወርድ ገባት። ያለቀሰችው ለቅሶ! ቧንቧ ውሃ በሙሉ ሰማው። አባቷ እቅፍ ውስጥ እየተንፈራገጠች፣ እጇን ወደኔ ዘርግታ፣ ትንፋሿ እስኪቆራረጥ አለቀሰች። ጎረቤቴ ወጥታ «ምነው ልጅቷን ምን አደረጋችኋት?» አለች። እኔ ሮጬ መኪናው ውስጥ ገባሁ።

ተቀመጥኩ፣ ፊቴን ወደ መጋረጃው አዞርኩ። እትዬ አዩኝ።

«ምን አገኘሽ? ትስቂያለሽ ልበል?»

«ልጄ አለቀሰችብኝ፣ እትዬ» አልኳቸው።

«እና ይኼ ያስቃል?»

አላውቅም። ሳቄ ግን አልቆም አለኝ። ያን ሁሉ ወር ቻው ብላኝ ዞራ ስትገባ የነበረች ልጅ እጇን ዘርግታ አልቅሳብኛለች። እኔን ነው! እናቷን ነው! ሐረጎ ላይ መውረድ እስክንጀምር ድረስ ከዚህ የሚጣፍጥ ነገር ቀምሼ እንደማላውቅ ሆነ። ከዚያ ስልኬን አወጣሁ። ደግሜ ልሰማው ፈለግኩ፣ ሌላ ምን ይባላል። ባሌ ቶሎ አነሳው።

«አሁንም እያለቀሰች ነው?»

«አዎ።»

«ምን ትላለች?»

ይህ ሰው ከተጋባን ጀምሮ ዋሽቶኝ አያውቅም፤ የሠራሁት ወጥ ጨው ሲበዛበት እንኳ በዝቶበታል ነው የሚለኝ። «አንቺን ነው የምትጠራው» አለኝ። «እማ፣ እማ ነው የምትለው።»

ከኋላው ድምጿ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር። «አክስቴ!» ትላለች። «አክስቴ ጋ ውሰደኝ! አክስቴ!»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። እማ የሚል ድምፅ ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። አባ የሚልም የለም። ታቅፏት ቆሟል፣ ጆሮው ሥር ሌላ ሰው እየተጣራች ታለቅሳለች፣ እሱ የራሱን ትቶ ለኔ ዋሸልኝ። እኔ ስቀናበት የከረምኩት ሰው እሱም የሚቀናበት እንዳለው ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«ይሰማኛል» አልኩት። «አንተንም እየጠራች እኮ ነው። አባ እያለች ነው፣ አልሰማህም?»

«ሰማሁ» አለኝ።